ገባ፣ ግን ፋይሉ አይመጣም፦ የኤፍቲፒኤስና የኤስኤፍቲፒ ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

ኤፍቲፒኤስና ኤስኤፍቲፒ ፋይል ከሰርቨር ጋር ተመስጥሮ የሚለዋወጥባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። ግንኙነቱ እምቢ ሲላችሁ ቅንብሩን ለመነካካት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የፕሮግራሙን ሎግ (የሥራ መዝገብ) ክፈቱና የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት መስመሮች አንብቡ። የት ላይ እንደቆመ ካወቃችሁ ምክንያቱን ግማሽ ያህል አግኝታችሁታል።

ገና ከጅምሩ አይገናኝም

"ኮኔክሽን ሪፊውዝድ" ካለ፣ ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ ጋ ደርሳችኋል፤ በዚያ ፖርት (ባለቁጥር መግቢያ በር) የሚቀበላችሁ ግን የለም። "ታይም አውት" ካለ ደግሞ ፋየርዎል (የኔትወርኩ ዘበኛ) ጥያቄያችሁን ዝም ብሎ እየጣለው ሊሆን ይችላል።

ሌላው የስም መምታታት ነው። ኤስኤፍቲፒ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሰርቨር በምስጢር መግቢያ መንገድ) ላይ የሚሄድ ሲሆን ፖርቱ 22 ነው። ኤፍቲፒኤስ ግን የድሮው ኤፍቲፒ ቲኤልኤስ (የግንኙነት ማመስጠሪያ) ተጨምሮበት ነው። እሱም ሁለት ዓይነት አለው፦ በፖርት 21 ተራ ሆኖ ጀምሮ ወደ ምስጢራዊ የሚቀየረው ኤክስፕሊሲት፣ እና በፖርት 990 ከመጀመሪያው የተመሰጠረው ኢምፕሊሲት። አንዱን በሌላው ፖርት ከሞከራችሁ አይግባቡም። አስተዳዳሪውን "የትኛው ነው? በስንት ፖርት?" ብላችሁ ጠይቁ።

የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ የፎልደር ዝርዝር ላይ ይደርቃል

ሰውን በጣም የሚያንገላታው ይሄኛው ነው። ኤፍቲፒ ሁለት መስመር ይጠቀማል፤ አንዱ ለትእዛዝ፣ ሌላው ለፋይልና ለዝርዝር። በፓሲቭ ሞድ፣ ማለትም ሁለተኛውን መስመር የምትገናኙበት ፕሮግራም (ክላየንቱ) ሲከፍት፣ ሰርቨሩ "227" ብሎ ስድስት ቁጥሮች ይልካል። የመጀመሪያዎቹ አራቱ አይፒ አድራሻ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ፖርቱን ይነግሯችኋል፤ አምስተኛውን በ256 አባዝታችሁ ስድስተኛውን ትደምራላችሁ። 195 እና 149 ካያችሁ ፖርቱ 50069 ነው።

ተራ ኤፍቲፒ ሲሆን ብዙ ፋየርዎሎች ይህን መልስ አንብበው ፖርቱን ራሳቸው ይከፍታሉ። ቲኤልኤስ ሲኖር ግን ንግግሩ ተቆልፎባቸዋል፤ ማንበብ አይችሉም። ለዚህ ነው ያለ ምስጠራ የሚሠራው ምስጠራ ሲበራ የሚቆመው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ምስጠራውን አጥፍቶ ይገላገላል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ የይለፍ ቃላችሁ መንገድ ላይ ላለ ሁሉ በግልጽ ይታያል።

መፍትሄው ሰርቨሩ ጋ ነው። ለፓሲቭ ሞድ የተወሰነ የፖርት ክልል ምረጡ፣ ለምሳሌ ከ50000 እስከ 50100። ያንኑ በፋየርዎሉ ላይ ክፈቱ፤ ሰርቨሩ ከራውተር ጀርባ ከሆነ ወደ እሱ አስተላልፉት። ከዚያ የ227 መልሱን ተመልከቱ። በ10 ወይም በ192፣ 168 የሚጀምር ከሆነና እናንተ ከውጭ ከሆናችሁ፣ ሰርቨሩ የውስጥ አድራሻውን እየሰጣችሁ ነው። የውጭ አድራሻውን በቅንብሩ ላይ ጻፉለት።

ፖርቱ ተከፍቶም 522 ወይም 425 የሚል የስህተት ቁጥር ከመጣ፣ ሰርቨሩ ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያውን የቲኤልኤስ ሴሽን (አስቀድመው የተስማሙበትን ምስጠራ) እንዲጠቀም እየጠየቀ ሊሆን ይችላል። ክላየንቱን አዘምኑ። ግዴታውን ሰርቨሩ ላይ ማንሳትም ይቻላል፤ ግን ከመጠለፍ የሚከላከል ስለሆነ እኔ የመጨረሻ አማራጭ አደርገዋለሁ።

ሰርተፊኬቱን አይቀበልም

ሰርተፊኬት የሰርቨሩ ማንነት ማረጋገጫ ነው። ቀኑ አልፎበት፣ ወይም በስም ፋንታ በአይፒ አድራሻ ገብታችሁ ስሙ አልገጥም ብሎ ይሆናል። የኮምፒውተራችሁን ሰዓትም እዩ፤ ቀኑ ከተዛባ ጤነኛው ሰርተፊኬት ሁሉ ያረጀ ይመስላል። የቆየ ክላየንት ከሆነ ደግሞ የሚያውቀው ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1ን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እነሱ በ2021 በይፋ ተሽረዋል፤ ማዘመን ነው።

ኤስኤፍቲፒ ላይ

"የሰርቨሩ ቁልፍ ተቀይሯል" የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ዝም ብላችሁ "እሺ" አትበሉ። ሰርቨሩ አዲስ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ መሐል የገባ ሰውም ሊኖር ይችላል። አስተዳዳሪውን ደውላችሁ የቁልፉን አሻራ (ቁልፉን የሚለየውን አጭር ኮድ) አመሳክሩ፣ ከዚያ ኮምፒውተራችሁ ላይ የተቀመጠውን የድሮውን የሰርቨር ቁልፍ አጥፉ።

ትናንት ይሠራ የነበረ የአርኤስኤ ቁልፍ (በይለፍ ቃል ፋንታ የምትገቡበት) ሰርቨሩ ከታደሰ በኋላ እምቢ ካለ፣ ቁልፉ አልተበላሸም። ኦፕንኤስኤስኤች (በብዙ ሰርቨሮች ላይ ያለው የኤስኤስኤች ፕሮግራም) ከ2021ዱ 8.8 ጀምሮ በሻ-1 (በደከመ የድሮ ስሌት) የተፈረመውን የድሮ ዓይነት ፊርማ በነባሪ አይቀበልም። ክላየንቱን አዘምኑ ወይም የኢዲ25519 (ሌላ፣ አዲስ ዓይነት) ቁልፍ አውጡ።

አንድ ግራ የሚያጋባ ደግሞ አለ፦ "የደረሰው መልእክት በጣም ረጅም ነው፣ 1466264675"። ይህ ቁጥር መጠን አይደለም፤ "ዌልካም" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያ አራት ፊደላት ናቸው፣ እንደ ቁጥር ሲነበቡ። ሰርቨሩ ላይ የተጠቃሚው የማስጀመሪያ ስክሪፕት ሰላምታ እያተመ ነው፤ ክላየንቱም ሰላምታውን እንደ ኤስኤፍቲፒ መልእክት ቆጥሮታል። ሰላምታው ሰው በተርሚናል ሲገባ ብቻ እንዲታተም አድርጉት፤ ወዲያው ይከፈታል።