የድሮ ኤቢቢ ሮቦት ከአዲስ ሶፍትዌር ጋር አልግባባ ሲል

ያገለገለ የሮቦት ክንድ መግዛት ከባድ አይደለም። ፈተናው የሚጀምረው ላፕቶፑ ሲከፈት ነው። እዚህ የማወራው በደንብ ስለማውቃቸው የኤቢቢ ኩባንያ ክንዶች ነው፤ በተለይ ኤስ4ሲ የሚባል መቆጣጠሪያ፣ ማለትም ክንዱን የሚያዝ ኮምፒውተር ያለበት ካቢኔ፣ ስላላቸው ክንዶች። የኤስ4 ትውልድና ራፒድ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋው የመጡት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ተተኪው አይአርሲ5 በ2004 ወጣ።

ብዙ ሰው ክንዱ አርጅቷል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። እኔ ካየኋቸው ውስጥ ክንዱ ራሱ የተበላሸበት ጥቂት ነው። ሞተሩም ማርሹም ደህና ነው። የሚያስቸግረው መሃል ላይ ያለው ነው፤ ፋይሉ የሚሻገርበት መንገድና የተጻፈበት አነጋገር። ስለዚህ ላፕቶፑን ለጊዜው ዝጉትና ክንዱን በራሱ ፔንዳንት፣ በእጅ በሚያዘው ማዘዣ፣ አንቀሳቅሱት። ስድስቱም መገጣጠሚያዎች ከታዘዙ ቀሪው ሥራ ትዕግሥት ነው።

ካቢኔው አይበራም

መጀመሪያ ቮልቴጁን እዩ። ከአሜሪካ ፋብሪካ የወጣ ከሆነ ትራንስፎርመሩ ለ480 ቮልት ታስሮ ሊሆን ይችላል። አገር ቤት ሦስት ፌዝ 380 ቮልት ነው። ትራንስፎርመሩ ለተለያየ ቮልቴጅ የተዘጋጁ ማሰሪያዎች ስላሉት ለመስመራችሁ ወደሚሆነው ይዛወራል። ይህን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። ካቢኔው ከጠፋ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይዘው ይቆያሉ፤ ቶሎ እጅ አታስገቡ።

ይበራል፣ ግን ያለበትን ቦታ አያውቅም

ክንዱ መጋዘን ውስጥ ከርሞ ከሆነ ባትሪው አልቋል ማለት ነው። ሞተሩ ስንት ዙር እንደዞረ የሚያስታውሰው ክንዱ ውስጥ ባለው ባትሪ ነው። ባትሪውን ቀይሩ። ከዚያ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በፔንዳንት እያንቀሳቀሳችሁ ብረቱ ላይ ካሉት ምልክቶች ጋር አገጣጥሙና የዙር ቆጣሪውን አድሱ። ስድስተኛውን መገጣጠሚያ ደግማችሁ እዩት፤ ብዙ ዙር ስለሚዞር በአንድ ዙር መሳሳት ቀላል ነው።

ካቢኔው ውስጥም ሌላ ባትሪ አለ። እሱ ካለቀ የመቆጣጠሪያው ሶፍትዌር ራሱ ሊጠፋ ይችላል። መልሶ ለመጫን ከሮቦቱ ጋር የመጡት ፍሎፒዎች ያስፈልጋሉ፤ ከነሱ አንዱ የዚያ ሮቦት ቁልፍ ነው። እባካችሁ ሻጩን ከገንዘቡ በፊት ስለ ዲስኮቹ ጠይቁት። እጃችሁ በገቡ ቀን ቅጂ አውጡ። ይህን ሳያደርጉ ቀርተው ደህና ክንድ ቆሞ የቀረባቸው ሰዎች አሉ፤ ሳስበው ያሳዝነኛል።

ሮቦትስቱዲዮ ሮቦቱን አያገኘውም

አያገኘውም። ሮቦትስቱዲዮ የኤቢቢ የራሱ የላፕቶፕ ሶፍትዌር ነው፤ የዛሬው የሚነጋገረው ከአይአርሲ5ና ከኋላው ከመጣው ኦምኒኮር ከሚባለው መቆጣጠሪያ ጋር ነው። የአይፒ አድራሻ ስትቀያይሩ አትዋሉ። ፕሮግራሙን ላፕቶፑ ላይ አዘጋጅታችሁ ፋይሉን ማሻገር ነው ያለው መንገድ። ከኤስ4ሲ ቀጥሎ የወጣው ኤስ4ሲ ፕላስ ያላችሁ በኔትወርክ ትሞክሩ ይሆናል። ኤፍቲፒ የሚባለው የፋይል ማስተላለፊያ አማራጭ ካለው ግን ፋይል የሚጠይቀው መቆጣጠሪያው ነው። ሰርቨሩ ላፕቶፑ ላይ ይሁን።

ፍሎፒውን አያነበውም

የድሮ ዲስኮች በአቧራና በዕድሜ ይሞታሉ። ጥሩው መፍትሔ ጎቴክ የሚባለው ትንሽ ዕቃ ነው፤ በፍሎፒ ማንበቢያው ቦታ ይገባና ፍላሽን እንደ ዲስክ ያስመስላል። 1.44 ሜጋባይት የሚቀበለውን ዓይነት ግዙ።

እኔ የመጀመሪያውን ጎቴክ ስገጥም የፊቱ መብራት በርታ ቀረች። ፍላሽ ቀየርኩ፣ ያው ነው። እንደገና ፎርማት አደረግኩ፣ ያው ነው። በመጨረሻ የስልኬን መብራት ይዤ ጎንበስ ብዬ ጠፍጣፋውን ገመድ አየሁት። ጠርዙ ላይ ያለው ቀይ መስመር በሌላኛው ጎን ነበር። አገላብጬ ሰካሁት፤ መብራቷ ጠፋች፣ የዲስኩ ዝርዝርም ፔንዳንቱ ላይ መጣ። የማትጠፋ መብራት ካያችሁ መጀመሪያ ገመዱን ጠርጥሩ። መብራቱ ጭራሽ የማይበራ ከሆነ ደግሞ ከኋላ ያለውን ጃምፐር፣ ፒኖቹን የሚያገናኘውን ትንሽ ክዳን፣ ከኤስ0 ወደ ኤስ1፣ ወይም በተቃራኒው፣ አዛውሩት።

ፋይሉ ይታያል፣ ግን ስህተት ነው ይላል

አብዛኛው ሰው የሚቆመው እዚህ ነው። ራፒድ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ የድሮውና የአሁኑ አነጋገር ይለያያል። አዲስ ሶፍትዌር ለነጥቦች ረጃጅም ስም ይሰጣል። ኤስ4ሲ ከ16 ፊደል በላይ አይቀበልም፤ አይአርሲ5 ግን እስከ 32 ይፈቅዳል። የፋይሉም ስም ከነጥቡ በፊት ከ8 ፊደል አይለፍ። በአማርኛ የጻፋችሁት ማስታወሻ ካለ አውጡት፤ መቆጣጠሪያው ፊደላችንን አያውቅም።

ሮቦዲኬን የመሰለ የሮቦት ፕሮግራም አዘጋጅ ሶፍትዌር ከሆነ የምትጠቀሙት፣ ፖስት ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም ፕሮግራሙን ወደ ሮቦቱ አነጋገር የሚተረጉመውን ክፍል፣ ወደ ኤስ4ሲ ቀይሩ። ከሁሉ የሚያስተማምነው ግን ይህ ነው። ፔንዳንቱ ላይ ሦስት መስመር ፕሮግራም ራሳችሁ ጻፉ። ዲስክ ላይ አስቀምጡትና ላፕቶፕ ላይ ክፈቱት። ከዚያ ከሶፍትዌሩ ከወጣው ጋር ጎን ለጎን አስተያዩ። የመጀመሪያው መስመር፣ የቁጥሮቹ አጻጻፍ፣ የትእዛዞቹ ስም፣ ልዩነቱ ዓይናችሁ ላይ ይመጣል። ሮቦቱ በራሱ እጅ የጻፈውን ፋይል ያህል የሚያስተምር መመሪያ አላየሁም።

ይነሳል፣ ግን የተሳሳተ ቦታ ይሄዳል

ችግሩ ክንዱ ጫፍ ላይ የሚታሰረው መሣሪያ ልኬት ነው። ሶፍትዌሩ ላይ 120 ሚሊሜትር ርዝመት ሰጥታችሁ መቆጣጠሪያው ላይ ባዶው መሣሪያ ከተመረጠ ጫፉ ጠረጴዛው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ እርሳስ አስራችሁ፣ በማንዋል፣ ጣታችሁን ፔንዳንቱ ማብሪያ ላይ አድርጋችሁ አየር ላይ አስኪዱት። በዚያ ሁኔታ ፍጥነቱ ከ250 ሚሊሜትር በሰከንድ አያልፍም፤ ጣት ስታነሱም ይቆማል።

መሃል ላይ ስለ መገጣጠሚያ አቀማመጥ ቅሬታ አቅርቦ ከቆመ፣ ሶፍትዌሩና ሮቦቱ አንዱን ቦታ በተለያየ የክንድ አጣጠፍ ይዘውታል ማለት ነው። ኮንፍኤል የሚባለውን ቁጥጥር ማጥፋት ብዙ ጊዜ ያሳልፋል። ካጠፋችሁ በኋላ ግን በዝግታ አስኪዱት፤ የእጅ አንጓው ሳይታሰብ ሊዞር ይችላል። አምስተኛው መገጣጠሚያ ዜሮ አጠገብ ሲደርስ የሚቆም ከሆነ ሥራውን ትንሽ አዘንብሉት ወይም ጠረጴዛውን አንሱት።

የመቆጣጠሪያው ሜሞሪ ይሞላል፣ ወይም ክንዱ ይንገጫገጫል

ሁለቱም ከነጥብ ብዛት ነው። ዛሬ ሶፍትዌሩ በአንድ ጠቅታ ሃያ ሺህ ነጥብ ይተፋል፤ ያኔ የተሠራ ሜሞሪ ይህን አይችልም። ፋይሉን ቆራርጡና ሎድ እና አንሎድ በሚሉት ትእዛዞች በየተራ አስገቡ። ክብ መስመሮችን ሙቭሲ በሚባለው የቅስት ትእዛዝ ተኩ፤ አንድ ቅስት መቶ ትንንሽ ቀጥታ መስመር ይቆጥባል።

መንገጫገጩ ካልቀረ በእያንዳንዱ መስመር ጫፍ ያለውን እዩ። ፋይን የሚል ከሆነ ክንዱ በየነጥቡ እየቆመ ነው። ሳይቆም እንዲያልፍ ወደ ዜድ1 ወይም ዜድ5 ቀይሩት፤ የመጨረሻውን ነጥብ ብቻ ፋይን ላይ ተዉት።