እንቁላል አይታችሁ አትጨፍሩ

ገላን አካባቢ ለዶሮ መኖ የሚሆን እጭ ለማግኘት፣ ብላክ ሶልጀር ፍላይ የሚሉትን ጥቁር ወታደር ዝንብ አረባለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ጀማሪ መጥቶ «ጋሼ፣ እንቁላሉ ሞልቷል፤ የሚፈለፈል ግን ጠፋ» አለኝ። ዝንቦቹን የት እንዳስቀመጣቸው ጠየቅሁት። «ዕቃ ቤት፣ ጨለማው ውስጥ።» ስንተኛው ሰው እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

ኧረ በፈጠራችሁ! ይህ ዝንብ የሚራከበው በብርሃን ነው፤ ያውም በጠራ የፀሐይ ብርሃን፣ ይልቁንም ረፋድ ላይ። ወንዱ ቅጠል ላይ ቦታ ይዞ ይጠብቃል፤ ሴቷ ስታልፍ አየር ላይ ይቀልባትና ተያይዘው ይወርዳሉ። ተራ የቤት አምፖል ለዚህ አያነሣሣውም። ክፋቱ ከወንድ ጋር ያልተራከበች ሴትም የማይፈለፈል እንቁላል መጣሏ ነው። እኔም በመጀመሪያው ክረምቴ፣ ሐምሌን ሙሉ ሰማዩ ተደፍኖ ሳለ፣ እንቁላል በሚዛን እየመዘንኩ ለባለቤቴ ትርፉን አሰላላት ነበር። ሙቀት ካገኘ በአራት ቀን ገደማ መፈልፈል የነበረበት ሁሉ ሟሽሾ ቀረ። ዛሬ ዝንቦቹን የማኖርበት መረቤ ያለው ምሥራቁን በሚያይ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሥር ነው።

እንቁላሉን ዝቃጩ ውስጥ አትፈልጉ። እርጥብ ቆሻሻ ላይ የሚጥለው የቤት ዝንብ ነው። የዚህችኛዋ የሆድ ጫፍ እንደ ሬዲዮ አንቴና የሚመዘዝ ቀጭን ቱቦ አለው፤ የምትሻው ያንን የምትሰድበት ደረቅ ስንጥቅ ነው። ቀጫጭን ጣውላዎችን በጥቂቱ አራርቃችሁ ከሚሸተው መኖ በላይ አስቀምጡላት። ወንዱንና ሴቷንም በዚሁ ጫፍ ለዩ እንጂ በመጠን አትገምቱ።

ከ27 ዲግሪ በታች እንቁላል መጣል እምብዛም ነው፤ የኅዳርን ውርጭ አስቡት። ለአዋቂዎቹ ስኳር አትግዙ፤ በእጭነታቸው ባከማቹት ስብ ይኖራሉ፤ ውኃ ግን እርጩላቸው። ለዘር ሳታስቀሩ እጩን ሁሉ ለዶሮ አትስጡ ማለት የሚያስፈልግ አይመስለኝም ነበር።

ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዙረው በጭራቸው ተያይዘው ብታዩአቸው ደግሞ ተዉአቸው። ወንዱ ጫፉ ላይ ባሉት መቆንጠጫዎች ይዟት ነው። አንድ ረዳቴ አዝኖላቸው በዶሮ ላባ ሲያላቅቃቸው ደርሼበታለሁ።

ያ ጀማሪ መረቡን ወደ ግቢ አውጥቶ በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ጋሼ፣ ዝንቦቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣበቁብኝ። ልለያያቸው?»