ከባጃጅ ቀደም ብላችሁ ውረዱ

አለቃችሁ ተቆጣችሁ፤ ዝም ብላችሁ ወጣችሁ። ባጃጅ ላይ በአምስት ብር መልስ ተጨቃጨቃችሁ። ቤት ስትገቡ ደግሞ ውሃ ያፈሰሰው ልጅ ጩኸቱን ተቀበለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ሐዋሳ ውስጥ አመሻሽ ላይ ባጃጅ የሚሳፈር ሰው ሳያየው አይቀርም።

ንዴትን ወደማይመለከተው ሰው ማዞር አእምሮ ከጭንቀት ራሱን ከሚከላከልባቸው መንገዶች አንዱ ነው። የሥነ አእምሮ ትንተና መሥራቹ ሲግመንድ ፍሮይድ ስለ እነዚህ መንገዶች መጻፍ የጀመረው በ1894 እ.ኤ.አ. ነው። ሁሉም ክፉ አይደሉም፤ ቀልድ ወይም ንዴትን በስፖርት ማውጣት ከጤናማዎቹ ይቆጠራሉ። አስቸጋሪው ነገር ብዙ ጊዜ ሳይታወቀን መሥራታቸው ነው።

ስለዚህ በሩን ከማንኳኳታችሁ በፊት "አሁን የተናደድኩት በማን ነው?" በሉ። ስሙን ጥሩት፣ በሆዳችሁም ቢሆን። ከባጃጅ ቀደም ብላችሁ ወርዳችሁ ትንሽ በእግር ሂዱ። ጊዜ ካለ በሐይቁ ዳር፣ በፍቅር ሐይቅ በኩል ዞር በሉ (ቢራው ይቅር፣ ንዴት ላይ ቤንዚን ነው)። ስትተነፍሱ አወጣጡን ከአገባቡ አስረዝሙት፤ የልብ ምት ረገብ ይላል።

ጭንቀቱ ለሳምንታት እንቅልፍ ከነሳችሁ ግን በእግር መንገድ አትሸንግሉት። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ።