የመኪና መገናኛ ሬዲዮ ሲያስቸግር ከባትሪው ጀምሩ

ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ለሚነዳ ሾፌር የመኪናው መገናኛ ሬዲዮ ጌጥ አይደለም። ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥበት፣ በሽተኛ ጭኖ ጭቃ ሲይዘው የሚጣራው በእሱ ነው። ለዚህ ነው በግዴለሽነት የተገጠመ ሬዲዮ ሳይ የምበሳጨው። ሃርድቶፕ ላንድክሩዘርና ፒካፕ ላይ ብዙ ሬዲዮ ገጥሜያለሁ። ሌላ ሰው የገጠመውን ያስተካከልኩት ግን ይበልጣል። «ሬዲዮው ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚመጣልኝ ውስጥ አብዛኛው ሬዲዮው ራሱ ደህና ነው። ችግሩ ሽቦው፣ ማሳው (ከመኪናው ብረት አካል ጋር ያለው ግንኙነት) ወይም የአንቴናው መቀመጫ ላይ ነው። ስለዚህ የሬዲዮውን ክዳን ለመፍታት አትቸኩሉ።

እኛ አገር የመስክ መኪና ላይ የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ቪኤችኤፍ (በጣም ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ) ነው፤ ብዙ ጊዜ 25 ዋት የሚሆን ሞቶሮላ፣ ለቅርብ ርቀት። ሌላው ኤችኤፍ (ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ) ነው፤ ኮዳን ወይም ባሬት የሚባል፣ 100 ወይም 125 ዋት፣ በመቶዎች ለሚቆጠር ኪሎ ሜትር። ለፍተሻ ቴስተር (ቮልት መለኪያ)፣ ኤስደብሊውአር ሜትር (ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚያሳይ መለኪያ)፣ ካቻቢቴ፣ ቁልፎች፣ ብርጭቆ ወረቀትና ናስትሮ ይበቃችኋል።

ከሁሉ በፊት ግን የመኪናውን ቮልት ለኩ። ኮፋኖ ከፍቶ ሁለት ባትሪ ያየ ሰው «24 ነው» ይላል፤ ወይም «ላንድክሩዘር 12 ነው» ብሎ በድፍረት ያገናኛል። ሁለቱም ግምት ነው። ሁለት ባትሪ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ከታሰረ 12 ቮልት ነው። የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ከታሰረ 24 ነው። የ12 ቮልት ሬዲዮ 24 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። መኪናው 24 ከሆነ ደግሞ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 መስረቅ ሁለቱንም ባትሪ ይገድላል፤ ቮልት የሚቀንስ ኮንቨርተር ግጠሙ።

«ጭራሽ አይበራም»

መጀመሪያ ፊውዙን እዩ። ደህና ከሆነ ቴስተሩን ከሬዲዮው ጀርባ፣ ገመዱ የሚሰካበት ላይ አድርጉ። ቮልት ከሌለ ወደ ባትሪው እየተመለሳችሁ ለኩ። ቮልት ካለ ምናልባት ሬዲዮው ከመኪናው ቁልፍ ጋር ተያይዞ ይሆናል፤ ቁልፉን አዙራችሁ ሞክሩ።

ፊውዙ በተቀየረ ቁጥር የሚቃጠል ከሆነ ተዉት፣ አትተኩ። የሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልሎ ማስገባት እሳት መጥራት ነው። ብዙ ጊዜ ሽቦው በሞተሩና በጋቢናው መካከል ባለው ቆርቆሮ ሲያልፍ ጎሚኒ (መከላከያ ላስቲክ) ሳይደረግለት ቀርቶ የሽቦው ልባስ ተበልቶ ነው። ሌላው ምክንያት አንድ ቀን ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ተገላብጦ መታሰሩ ነው። ያኔ በሬዲዮው ውስጥ ያለው መከላከያ ዳዮድ ይሞታል፤ ሽቦው ቢስተካከልም ፊውዝ መብላቱ አይቆምም። ሬዲዮው ወደ ሠራተኛ መሄድ ያለበት እንዲህ ሲሆን ነው።

«ይበራል፤ መናገሪያውን ስጫን ይጠፋል»

ይህ የኃይል እጥረት ነው። ሬዲዮ ሲያዳምጥ የሚወስደው ትንሽ ነው። ሲናገር ግን 25 ዋቱ ከ6 እስከ 8 አምፔር ይስባል፤ ኤችኤፉ ደግሞ ድምፅ ጠንከር ሲል 20 አምፔርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ከሲጋራ ማቀጣጠያው ወይም ከቴፑ ሽቦ የተቀጠለ ገመድ ይህን አይችልም።

እንዲህ ለኩ። ሞተር ጠፍቶ ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት አካባቢ ይኑር። ከዚያ አንድ ሰው መናገሪያውን ተጭኖ ሳለ ባትሪው ላይና ሬዲዮው ጀርባ ላይ ለኩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት ከበለጠ መሃል ላይ የሚበላ ነገር አለ። ባትሪው ራሱ ከወደቀ ጥፋቱ የባትሪው ነው። ሞተር ሲነሳ ወደ 14 ካልወጣ ዲናሞውን አስዩ።

መፍትሄው ፖዘቲቩንም ኔጋቲቩንም ቀጥታ ከባትሪው ማምጣት ነው። ሽቦው ለቪኤችኤፍ 4፣ ለኤችኤፍ ቢያንስ 6 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። ፊውዙ ከባትሪው በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ይቀመጥ። ሬዲዮው አጠገብ ብቻ ያለ ፊውዝ ሬዲዮውን እንጂ መንገድ ላይ ያለውን ሽቦ አያድንም። የባትሪ ራስ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ፣ ፍቃችሁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ።

«እኔ እሰማቸዋለሁ፤ እነሱ አይሰሙኝም»

በጣም ሰው የሚያደክመው ይሄኛው ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ድርጅት ሃርድቶፕ መጣልኝ። ሾፌሩ በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ሬዲዮ ተቀይሮለታል። «ጋሼ፣ እነሱን እሰማለሁ፤ እኔ ስጣራ ግን ግድግዳ ነው የማናግረው» አለኝ። ኤስደብሊውአር ሜትሩን በሬዲዮውና በአንቴናው መካከል አስገባሁ። መርፌው 3 አለፈ። አንቴናው የተተከለው ቡልባሩ ላይ ነው። ብሎኑን ፈትቼ ሮንዴላውን ሳነሳ ከስሩ ያለው ጥቁር ቀለም እንደ አዲስ ያብለጨልጫል፤ አንድ ጭረት የለውም። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አንቴናው ማሳ አልነበረውም ማለት ነው። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ከቡልባሩ ወደ ቻሲስ ጠፍጣፋ የመዳብ ሽሩባ አሰርኩ። ዳዶውን አጥብቄ በላዩ ግራሶ ቀባሁ፣ እንዳይዝግ። መርፌው 1.4 ላይ ቆመ። ሦስተኛ ሬዲዮ አላስፈለገም።

ቁጥሩ ምን እንደሚል ላስረዳ። ከ1.5 በታች ከሆነ ደስ ይበላችሁ። እስከ 2 ድረስ ይሠራል። 3 ሲሆን ከምትልኩት ኃይል ሩቡ ወደ ሬዲዮው ይመለሳል፤ ብዙ ሬዲዮዎችም ራሳቸውን ለማዳን ኃይላቸውን ይቀንሳሉ። ለመስማት ግን ትንሽም ሲግናል ስለሚበቃ መስማታችሁ አይቋረጥም። ሰው ሬዲዮውን የሚጠረጥረው ለዚህ ነው።

ማሳው ደህና ከሆነ ኬብሉን ፈትሹ። ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉና በቴስተር የመሃሉን ሽቦና የውጭውን ሽሩባ ለኩ፤ ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም። ከተገናኙ በአብዛኛው ኮኔክተሩ ውስጥ አንዲት የፀጉር ያህል የቀጠነች የሽሩባ ክር መሃለኛውን ነክታ ነው። በር የሚጨፈልቀውን ቦታም እዩ። የኬብሉን ላስቲክ ትንሽ ላጥ አድርጉ፤ ሽሩባው ጠቁሮ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፣ በሙሉ ቀይሩት። አንቴና አጠገብ ኬብሉን ወደ ታች ጎንበስ አድርጋችሁ ከዚያ ወደ ውስጥ ብታስገቡት የዝናብ ውሃ እዚያው ይንጠባጠባል። አዲስ መኪና ላይ ደግሞ ኬብሉን ኤርባግ ባለበት ምሰሶ በኩል አታሳልፉ።

የአንቴናው ቦታም ይወስናል። ለቪኤችኤፍ ምርጡ የጣሪያው መሃል ነው። ፖርቶመጋላ ላይ ጄሪካንና ትርፍ ጎማ ከተጫነ አንቴናው ከጭነቱ በላይ መውጣት አለበት። የፒካፕ ፋይበር ክዳን ላይ የተተከለ አንቴና ከስሩ ብረት ስለሌለው በደንብ አይሠራም። ዲፌንደር ላንድሮቨር ደግሞ አካሉ በአብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔት አንቴና አይዝለትም።

ርዝመቱን ለማስላት 7500ን በሜጋኸርዙ አካፍሉ። ለ150 ሜጋኸርዝ 50 ሴንቲሜትር ይመጣል፤ በተግባር ከዚያ ትንሽ ያጥራል። ሜትሩ ከዝቅተኛው ቻናላችሁ ይልቅ በከፍተኛው ላይ ብዙ ካሳየ አንቴናው ረዝሟል፤ በሚሊሜትር እየቆረጣችሁ ለኩ። ተቃራኒው ከሆነ አጥሯል፣ ያኔ ሌላ ዘንግ ፈልጉ።

«ሞተር ሲነሳ ይጮሃል»

ጩኸቱ ነዳጅ ሲረገጥ እየቀጠነ ከወጣ የዲናሞው ነው። የቤንዚን መኪና ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ የካንዴላው ነው። እንደ ወንፊት ሳያቋርጥ ሽሽ የሚል ከሆነ ግን የስልክ ቻርጀር ወይም የኤልኢዲ መብራት ጠርጥሩ። ርካሽ ቻርጀር ኤችኤፍን ሙሉ በሙሉ ያደነቁራል።

አንቴናውን ከሬዲዮው ጀርባ ንቀሉ። (መናገሪያውን ግን አትጫኑ፤ ያለ አንቴና መላክ ሬዲዮውን ሊያቃጥል ይችላል።) ጩኸቱ ከጠፋ የሚገባው በአንቴናው ነው፤ ካልጠፋ በኃይል ሽቦው ነው። በሽቦው ከሆነ ቀጥታ ከባትሪ መሳብና ሽቦውን ፌራይት ቀለበት (ጩኸት የሚያፍን ቀለበት) ላይ መጠምጠም ይረዳል። በአንቴናው ከሆነ ኮፋኖውንና የጭስ ማውጫውን በሽሩባ ከቻሲስ ጋር እሰሩ። የኮፋኖ ማጠፊያ ግራሶና አቧራ ስለሚሞላ ብዙ ጊዜ ማሳ አይሰጥም።

«ኤችኤፉ ቀን ይሠራል፣ ማታ ይጠፋል»

ይህ ብልሽት አይደለም። ኤችኤፍ የሚሄደው ከሰማይ ነጥሮ ነው፤ የሚያነጥረው የላይኛው አየር ደግሞ ከፀሐይ ጋር ይለዋወጣል። ፀሐይ ስትወጣ ወደ ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ፣ ስትጠልቅ ወደ ዝቅተኛው ሂዱ። ለሾፌሩ የቀንና የማታ ቻናሉን ጽፋችሁ ክሩስኮቱ ላይ ለጥፉለት።

ሩቁ ቢሮ እየሰማችሁ መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ጓደኛችሁ ካልሰማችሁ ሲግናሉ በእሱ ላይ ዘሎ ነው የሚያልፈው። መኪናውን አቁማችሁ ረጅሙን አንቴና ወደ ኋላ ጎንበስ አድርጋችሁ በገመድ እሰሩት፤ ወደ ላይ የሚወጣው ይጨምርና ቅርቡ ይሰማል። በሚላክበት ጊዜ ግን ማንም አንቴናውን አይንካ፤ ያቃጥላል።

ራሱን ከፍሪኩዌንሲው ጋር የሚያስተካክል የኤችኤፍ አንቴና ቃኝቶ «አልተስማማም» የሚል ከሆነ ወደ ማሳው ተመለሱ። ኤችኤፍ ማሳ ይወዳል፤ አጭር፣ ሰፊና ንጹህ ብረት ላይ የተያዘ ሽሩባ ይፈልጋል።

«ማንም መናገር አልቻለም፣ ቻናሉ ተዘግቷል»

የአንዱ መኪና ማይክ ወንበር መሃል ወድቆ መናገሪያው ተጭኖ ነው። በየመኪናው የማይክ መስቀያ ግጠሙ፣ ሬዲዮው ሲፕሮገራም ደግሞ የመናገሪያ ጊዜ ገደብ ይደረግበት።

«ሪፒተሩ አይመልስልኝም»

ሪፒተር ሲግናላችሁን ተቀብሎ አርቆ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ነው። ኤስደብሊውአሩና ቮልቱ ደህና ከሆኑ ሬዲዮው ላይ የተሞላው ፕሮግራም ነው፦ የመላኪያ ፍሪኩዌንሲው ወይም ቶኑ (ሪፒተሩን የሚከፍተው ድምፅ) ተሳስቷል። ድምፁ ከታፈነ ወይም ከተቆራረጠ አንዱ ሬዲዮ በ12.5፣ ሌላው በ25 ኪሎኸርዝ የቻናል ስፋት ፕሮግራም ተደርጎ ይሆናል። እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለድርጅታችሁ የተፈቀደውን ፍሪኩዌንሲ ብቻ ሬዲዮው ላይ አስገቡ። «ባዶ ነው» ብላችሁ የያዛችሁት ቻናል የሌላ ሰው የድንገተኛ ጥሪ መስመር ሊሆን ይችላል።

ጠግናችሁ ስትጨርሱ መኪናውን ግቢ ውስጥ ሞክራችሁ አትስጡ። ፒስታ ላይ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ንዱት፣ ኮሮኮንቹ ይፈትነው። ስትመለሱ የአንቴናውን ዳዶ በቁልፍ ሞክሩ፣ የባትሪውን ራስ በእጅ ነቅንቁ፣ ኤስደብሊውአሩን እንደገና ለኩ። ቁጥሩን ከነቀኑ በናስትሮ ላይ ጽፋችሁ ሬዲዮው ጎን ለጥፉት፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚመጣው ሠራተኛ ከየት እንደተነሳ ያውቃል።