በከተማ ዳር መንገዶች ስልክ ሳይነኩ ማሽከርከር፦ ሕጉ የሚለውና አሽከርካሪው ሊያደርገው የሚገባው

በእጅ በተያዘ ስልክ እየተጠቀሙ ማሽከርከር በአገራችን ከተከለከለ ቆይቷል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 ክልከላውን በግልጽ አስቀምጦታል። ክልከላው በፌዴራል ደንብ የተደነገገ በመሆኑ፣ ቃሊቲን አልፈው ወደ ገላን ሲገቡ ወይም ከአያት ተነሥተው ለገጣፎ ሲደርሱ የሚለወጠው ተቆጣጣሪው ፖሊስ ነው እንጂ ክልከላው አይደለም። ብዙ አሽከርካሪዎች ግን የመብራትና የፖሊስ ብዛት ሲቀንስ ስልካቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ የእግረኛ መንገድ በሌለበት፣ ተማሪዎችና ከብቶች በአስፋልቱ ጠርዝ በሚሄዱበት፣ ከባድ መኪኖች በሚበዙበት በዚያው ክፍል ላይ ነው።

ስለ ቅጣቱ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው በመንገድ ዳር የሚቆረጠውን የገንዘብ መቀጮና በመንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገበውን ጥፋት ብቻ ነው። በእኔ እምነት ከሁሉ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ግን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ነው። አንድ ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል፣ በመደበኛው ሁኔታ የሚጠብቀው ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ሊሆን ይችላል፤ የገደለው ግልጽ የሆነን ደንብ ወይም መመሪያ ሆነ ብሎ በመጣስ ከሆነ ግን በንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ይደርሳል። ስልክን የሚከለክለው ደንብ ግልጽ ነው፤ ስልክን ማንሣትም ሳይታወቅ የሚሠራ ነገር አይደለም። ስለዚህ በስልክ ሲነጋገር ሰው የገጨ አሽከርካሪ በዚህ ንዑስ አንቀጽ ሊከሰስ እንደሚችል አውቆ መሪ ሊይዝ ይገባዋል።

ክልከላው ለምን እንደወጣ በቁጥር ማየት ይቻላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የደወለው ማን እንደሆነ ለማየት ዐይንዎን ለ5 ሴኮንድ ከመንገዱ ቢያነሡ 70 ሜትር ሳያዩ ነድተዋል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ስልክ የሚጠቀም አሽከርካሪ ለአደጋ የመጋለጥ ዕድሉ ከማይጠቀመው 4 እጥፍ ያህል ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ ወይም በብሉቱዝ መነጋገርም አደጋውን ያን ያህል አይቀንሰውም፤ እጅ ነጻ ቢሆንም ሐሳብ በወሬው ተይዟልና። ስለዚህ ብሉቱዝ ያለዎት ቢሆንም ረጅም ጉዳይ በእሱ አይጨርሱ።

ዋናው ሥራ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ያልቃል። የሚደውሉላቸውን ሰዎች አስቀድመው ያነጋግሩ፤ የሚሄዱበትን ቦታ በካርታው ላይ ያስገቡና መስመሩን አንድ ጊዜ በዐይንዎ ይከተሉት፤ ከዚያ የስልኩን ድምፅ አጥፍተው እጅዎ ከማይደርስበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከኋላ ወንበር ላይ ባለ ቦርሳ ውስጥ ያስቀምጡት። በጭንዎ ላይ ወይም ከማርሹ አጠገብ የተቀመጠ ስልክ በበራ ቁጥር ዐይን ይስባል። ካርታ እያዩ መሄድ ግድ ከሆነ ስልኩ በማስቀመጫ ላይ በደንብ ይታሰር፣ የፊት መስታወቱንም አይከልል፤ በካርታው ላይ ያስገቡትን መስመር ለመቀየር ግን መቆም አለብዎት። በቃሊቲ መጨናነቅ ውስጥ ቆመው ሳለም መሪው ላይ እስካሉ ድረስ እያሽከረከሩ እንደሆነ ይቁጠሩት።

በጉዞ መካከል የግድ መደወል ካስፈለገ፣ ፍሬቻ አሳይተው፣ ከኋላ የሚመጣውን በመስታወት አይተው ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ይውጡ። በከተማው ዳርቻ የአስፋልቱ ጠርዝ በብዙ ቦታ ከኮረቱ ከፍ ስለሚል በፍጥነት መውረድ መኪናውን ሊያስት ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድመው ፍጥነት ይቀንሱ። ድልድይ፣ ጥምዝና የእግረኛ ማቋረጫ ላይ አይቁሙ፤ ሲቻል የማደያ ግቢ ወይም ሰፊ ሜዳ ይፈልጉ። ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ የሚሄዱ ከሆነ የስልክ ጉዳይዎን ሁሉ ከክፍያው በር በፊት ይጨርሱ፤ የመንገዱ ትከሻ ለብልሽትና ለድንገተኛ ችግር የተተወ ነውና፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪናም በሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ለስልክ የቆመን ሰው አይቶ ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም።

ጥፋቱ የአሽከርካሪው ብቻ ያልሆነበት ጊዜም ብዙ ነው። የሚኒባስ ባለንብረት የቀኑን ገቢ ለመጠየቅ በሥራ ሰዓት ለሾፌሩ ባይደውል፣ ግድ ከሆነም በረዳቱ በኩል ቢያነጋግረው ተሳፋሪውን ሁሉ ይጠብቃል። በስልክ ታክሲ የጠራ ሰው መነሻውን በካርታው ላይ በትክክል ካስቀመጠ «የት ደረስክ?» እያለ መደወል አያስፈልገውም። ተሳፋሪም «ወንድሜ፣ ቆመህ አናግር» ለማለት ሊያፍር አይገባም፤ አደጋው ሲመጣ ከሾፌሩ ጋር አብሮ የሚጎዳ ነውና።

ትራፊክ ፖሊስ ካስቆመዎት ቀኝ ዳር ይዘው ይቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ መንጃ ፈቃድዎንና የመኪናውን ሰነዶች ያቅርቡ። የክስ ወረቀቱን ሲቀበሉ ቦታው፣ ሰዓቱና የጥፋቱ ዓይነት በትክክል መጻፉን ያንብቡ፤ ቅጣቱንም በወረቀቱ በተገለጸው መንገድ ብቻ ይክፈሉ፤ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ጉቦ ነው፣ ራሱን የቻለ ወንጀልም ነው። አደጋ ከደረሰ ደግሞ ከቦታው አይሂዱ፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ለፖሊስ በ991 ይደውሉ።