የምናብ ጥንታዊት የክርክር ከተማን ከተማሪዎች ጋር እንዴት እንመሠርታለን?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በየካ አባዶም ሆነ በቱሉ ዲምቱ፣ አንድ የትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ ያለ ብዙ ወጪ ሊያከናውነው የሚችል ሥራ አለ፤ ይኸውም በፍልስፍናና በአደባባይ ክርክር የታወቀች፣ በእውን ያልነበረች ጥንታዊት ከተማ ፈጥሮ ተማሪዎቹን እንደ ዜጎቿ ማከራከር ነው። አብዛኛው ጀማሪ የሚነሣው ከካርታ፣ ከቤተ መቅደስና ከአማልክት ስም ነው፤ ይህ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ክርክር አይወልድም። መጀመር ያለበት ማን እንደሚናገር፣ ምን ያህል እንደሚናገርና የተወሰነው ነገር እንዴት እንደሚሻር ከሚደነግገው ሥርዓት ነው።

አርአያ የምትሆነው አቴና ናት። ጉባኤዋ ፕኒክስ በተባለው ኮረብታ ላይ ሲሰበሰብ ዐዋጅ ነጋሪው «መናገር የሚፈልግ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ አጀንዳውን አስቀድሞ የሚያሰናዳው ግን 500 አባላት ያሉት፣ በዕጣ የሚመረጥ ምክር ቤት ነበር። በክበቡም ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ሰዓት ጠባቂው በየስብሰባው በዕጣ ይውጡ፤ በምርጫ ከሆነ ደረጃ የሚወጡት ልጆች ወንበሩን አይለቁምና። ወላጆቹ የኮንዶሚኒየም ቤት በዕጣ ለደረሳቸው ተማሪ ዕጣ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

የአቴና ፍርድ ቤቶች የተናጋሪውን ጊዜ የሚለኩት ከታች ቀዳዳ ባለው የሸክላ ዕቃ ነበር፤ በቁፋሮ የተገኘው አንዱ 6.4 ሊትር ያህል ይይዛል፣ ውሃውም በ6 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ለክበቡ አንድ ባዶ ሃይላንድ ይበቃል። ቂጡን ቆርጠው ያውጡ፣ ክዳኑን በጋለ ቀጭን ምስማር ይብሱ፣ ገልብጠው ውሃ ይሙሉና በስልክ ሰዓት እየተመለከቱ የ3 ደቂቃውን ልክ በእስክሪብቶ ያስምሩ። ቀዳዳው መጀመሪያ ጠባብ ይሁን፤ ማስፋት ይቻላል፣ ማጥበብ ግን አይቻልም። በአቴና ሕግ ወይም ምስክርነት ሲነበብ ውሃው ይቆም ስለነበር ሰዓት ጠባቂው በዚያን ጊዜ ቀዳዳውን በጣቱ ይድፈን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የፈሰሰው በሳፋ ተጠራቅሞ ተመልሶ ይሞላ።

ለመጀመሪያው ክርክር ልጆቹ ከቤታቸው የሚያውቁት ጉዳይ ይሻላል፤ ለምሳሌ የከተማዋ ምንጭ ውሃ ለላይኛውና ለታችኛው ሰፈር እንዴት ይከፈል የሚለው። በላ ልበልሃን የሚያውቅ ተማሪ ቢኖር አይከልከል፤ ነገር ግን ያ ሙግት ሁለት ባላጋራዎች በዳኛ ፊት የሚገጥሙበት ስለሆነ ቦታው ከተማዋ ችሎት ስትቀመጥ ነው፤ በጉባኤ ግን ተናጋሪው የሚያሳምነው ዳኛን ሳይሆን እጅ አውጥቶ የሚወስነውን ሕዝብ ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ሁለተኛው ስብሰባ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ427 የአቴና ጉባኤ፣ ያመፀችው የሚቲሊኒ ከተማ አዋቂ ወንዶች ሁሉ እንዲገደሉ፣ ሴቶችና ሕፃናትም ለባርነት እንዲሸጡ ወስኖ መርከብ ላከ። በማግስቱ ብዙዎች ስለ ተጸጸቱ ጉባኤው እንደገና ተጠራ፤ ክሊዮን ውሳኔው እንዲጸና፣ ዲዮዶቶስ እንዲሻር ተከራከሩ፣ በጥቂት የድምፅ ብልጫም ዲዮዶቶስ አሸነፈ። ሁለተኛው መርከብ የደረሰው ግድያው ሊፈጸም ሲል ነበር። ዲዮዶቶስ የተሟገተው በምሕረት ስም ሳይሆን ለአቴና በሚጠቅመው ነገር መሆኑን ተማሪዎቹ ልብ እንዲሉት ያድርጉ። ስለዚህ የውሃው ውሳኔ በሳምንቱ ዳግም ይከፈት፤ ባለፈው የደገፈ አሁን እንዲቃወም ይታዘዝ።

አቴና ሴቶችን፣ ባሪያዎችንና የውጭ ተወላጆችን ከጉባኤው ታግድ ነበር፤ ይህን ደብቆ ያማረች ከተማ ማሳየት ተማሪን ማታለል ነው። ሴት ልጆችን ዝም ማሰኘት ግን ስለማይገባ፣ ፆታ ሳይለዩ ከተማሪዎቹ አንድ አምስተኛውን በዕጣ ከዜግነት ያውጡ፤ በሁለቱ ስብሰባዎች ዳር ተቀምጠው ያዳምጡ፣ የሚሉትንም በደብተር ይያዙ። በሦስተኛው ስብሰባ ቀድመው የሚናገሩት እነሱ ይሁኑ፤ አጀንዳውም ያገዳቸው ሕግ ይጽና ወይስ ይሻር የሚለው ይሁን።