የበደለንን ሰው በስሙ ጠርቶ ስለ መጸለይ

ቂም ይዞ መጸለይ ለከበደው ሰው፣ እኔን የጠቀመኝን አንድ ልማድ ላካፍል። «አቡነ ዘበሰማያት» ስንደግም «ከመ ንሕነኒ ንኅድግ ለዘአበሰ ለነ» (እኛም የበደለንን ይቅር እንደምንል) ከሚለው ቃል ስንደርስ፣ እንደ ለመድነው በጥድፊያ ከማለፍ ይልቅ ጥቂት ቆም ብሎ የበደለንን ሰው፣ ቢቻል በክርስትና ስሙ፣ ጠርቶ ጤናና ሰላም መለመን ነው።

እኔ ይህን የጀመርሁት በውኃ መውረጃ ቦይ ምክንያት ከጎረቤቴ ጋር ተኳርፌ ሳለ፣ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የኪዳን ጸሎት ሲደርስ የድንጋዩን አጥር ተደግፌ በቆምሁበት አንድ ጠዋት ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስሙን የምጠራው ጥርሴን ነክሼ እንደ ነበር አልሸሽግም። ስሜት እስኪለወጥ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጸሎቱ ይቀድማል፣ ልብ ቀስ ብሎ ይከተላል። ጌታ ለጴጥሮስ «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» ማለቱ (ማቴ. 18፥22)፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ ያንኑ አንዱን በደል በየዕለቱ እንደገና መተውንም ይጨምራል።

ይሁን እንጂ ማቴ. 5፥24 «አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ስለሚል ጸሎቱ እርቅን አይተካም፤ በደሉ ከባድ ከሆነም ለነፍስ አባት መንገርና ሽማግሌ መላክ ይገባል። እኔም በዐቢይ ጾም ዋዜማ ጎረቤቴን «ይቅር ለእግዚአብሔር» ስለው መልሱ አጭር ነበር፤ ቦዩን ግን በማግስቱ አብረን ጠረግነው።